የቡት ኦፕሽንን ከየአርክቴክቸሩ አውጥቶ በአንድ ቦታ ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፕ ይዘን የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች አለን። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) እንነካካለን። የቡት ኦፕሽን ከርነሉ ሲነሳ በትእዛዝ መስመሩ ላይ የሚጻፍለት ቃል ነው፤ ኤክስ86፣ አርም64 እና ሪስክ-ፋይቭ ደግሞ አርክቴክቸሮች፣ ማለትም የፕሮሰሰር ዓይነቶች ናቸው። ይህን ሥራ የሞከረ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ኤክስ86 ላይ ይሠራል፤ አርም64 ላይ ግን ኦፕሽኑን ጭራሽ አያየውም። ኤረር የለም፣ ምንም የለም።» ኮዱን ስናየው ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ቁጥር ተገልብጧል። ወይም ኦፕሽኑ የሚነበብበት ሰዓት ተሳስቷል። ወይም የድሮው ኮድ ምን ምን ይቀበል እንደነበር ሳይመዘገብ ተሰርዟል። በየሳምንቱ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራው ይህ ነው። አንድ የቡት ኦፕሽን አለ። ሦስት አርክቴክቸሮች እያንዳንዳቸው በየማህደራቸው ያነቡታል። አጻጻፉም ይለያያል። እኛ ንባቡን ወደ ጋራ ኮድ እናወጣለን፤ ድርጊቱን እዚያው እንተወዋለን። ወደብ ላይ ትኬት መቁረጫው አንድ ቢሆን ይሻላል፤ ጀልባውን ወደ ዘጌ የሚነዳው ግን ያው ባለጀልባው ነው።

ለመለማመጃ «ጣና» የሚባል ኦፕሽን ፈጥረናል። እውነተኛው ከርነል ውስጥ የለም፤ አትፈልጉት። አንድ የመከላከያ ሥራን ያጠፋል እንበል። ኤክስ86 «ኖጣና» ብሎ ያለ ዋጋ ያነበዋል። አርም64 «ጣና=ኦፍ» ይላል። ሪስክ-ፋይቭ «ጣና=0» ይላል። እውነተኛ አርአያ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን 5.2 ከርነል ክፈቱና «ሚቲጌሽንስ» የሚለው ኦፕሽን እንዴት እንደተሠራ እዩ። ንባቡ በጋራው የሲፒዩ ፋይል ውስጥ አንድ ቦታ ነው። ኤክስ86፣ ፓወርፒሲ፣ ኤስ390 እና አርም64 ግን መልሱን ብቻ ጠይቀው የየራሳቸውን ይሠራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ። የትእዛዝ፣ የፋይልና የፈንክሽን ስሞችን እዚህ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአለሁ። ቴርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው። በስም መካከል ያስገባሁት ሰረዝም ኮዱ ውስጥ የታች ሰረዝ ነው፤ ሌላ ሲሆን እዚያው እናገራለሁ።

ደረጃ 1፦ መሰናዶ

1.1 ምንጩን አምጡ

የከርነሉ ጊት ማከማቻ ከነታሪኩ ብዙ ጊጋባይት ነው። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። ጊት ክሎን መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት መንገድ አላችሁ፦

- ካለው ሰው በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ቅዱ። ማከማቻውን በታር አንድ ፋይል አድርጉት። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ከዚያ ላፕቶፓችሁ ላይ ፍቱትና ጊት ፌች በሉ። የሚወርደው የጎደለው ብቻ ነው።
- ወይም ጥልቀቱን 1 አድርጋችሁ ክሎን አድርጉ። ይህ ይፈጥናል፤ ታሪኩ ግን አብሮ አይመጣም።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ደረጃ 2 ላይ «ይህችን እንግዳ መስመር ማን፣ ለምን ጨመራት?» ብላችሁ ጊት ብሌምን መጠየቃችሁ አይቀርም።

1.2 ኮምፓይለር

ሁለት ምርጫ ነው። አንደኛው ለአርም64 እና ለሪስክ-ፋይቭ ለየብቻ ክሮስ ኮምፓይለር መጫን ነው። ሁለተኛው ክላንግን ከነሊንከሩ ጭኖ ሜክ ላይ «ኤልኤልቪኤም=1» ማለት ነው። ክላንግ ለሦስቱም በአንድ ጭነት ይበቃል። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ። ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ እና የኤልፍ ላይብረሪ ሄደሮችም ያስፈልጋሉ። ሌላ ማሽንን የሚያስመስለውን ኬሙን ለሦስቱም አርክቴክቸር ጫኑ።

1.3 ለየአርክቴክቸሩ የተለየ የውጤት ማህደር

ሜክ ላይ «ኦ=» የሚለውን ተጠቀሙና ሦስት ማህደር ክፈቱ። በአንድ ማህደር ሦስቱን እያፈራረቃችሁ ከሠራችሁ አንዱ የሌላውን ያፈርሳል፤ ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ኮምፓይል ታደርጋላችሁ።

እንቢ ካለ፦ «የምንጩ ማህደር ንጹሕ አይደለም» የሚል መልእክት ከመጣ ቀደም ሲል እዚያው ውስጥ ኮምፓይል አድርጋችኋል ማለት ነው። «ሜክ ኤምአርፕሮፐር» በሉ። ኮንፊግ ፋይላችሁንም ያጠፋልና አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ቅዱት።

1.4 ትንሽ ኮንፊግ

«ዴፍኮንፊግ» አትጠቀሙ። የአርም64ቱ በአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ይፈጃል፤ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይጠፋባችኋል። «ታይኒኮንፊግ» ብላችሁ ጀምሩና የሚከተሉትን አብሩ፦ ፕሪንትኬ፣ ቲቲዋይ፣ ሲሪያል ኮንሶል። ሲሪያሉ ለኤክስ86 እና ለሪስክ-ፋይቭ 8250 የሚባለው ነው። ለአርም64 ፒኤል011 ነው። ለሁለቱም የኮንሶል ድጋፉን ለብቻ ማብራት አትርሱ።

ተጠንቀቁ፦ ኤክስ86 ላይ ታይኒኮንፊግ ባለ 32 ቢት ከርነል ነው የሚሰጣችሁ። «64 ቢት ከርነል» የሚለውን ራሳችሁ አብሩት። አለበለዚያ ፈተናችሁ ሁሉ በሌላ ማሽን ላይ እንደተደረገ ቁጠሩት።

1.5 መብራት

መብራት ኮምፓይል መሀል ላይ ቢሄድ አትደንግጡ። ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል። ችግሩ ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት ይጻፍ የነበረ የኦብጀክት ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ ቀኑን ብቻ አይቶ «ይህ አልቋል» ይላል። በኋላ ሊንክ ሲደረግ ትርጉም የሌለው ኤረር ይመጣል። መብራት ከሄደ በኋላ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ የኦብጀክት ፋይሎችን በፋይንድ ፈልጋችሁ አጥፉ። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ እሑድ የራሴን ኮድ ስወቅስ ውያለሁ።

ደረጃ 2፦ ሰንጠረዡን ሙሉ

እዚህ ደረጃ ላይ አንድ መስመር ኮድ አትጻፉ። ሁሉም ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ የሚወድቀውም እዚህ ነው።

2.1 «አርች» ማህደር ውስጥ የኦፕሽኑን ስም በጊት ግሬፕ ፈልጉ። ስሙን በሰረዝም በታች ሰረዝም ፈልጉት።

2.2 ኦፕሽኑን የሚያነብ እያንዳንዱን ቦታ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ለእያንዳንዱ እነዚህን መልሱ፦

- በየትኛው መንገድ ነው የተመዘገበው? በኧርሊ-ፓራም (ቀድሞ የሚነበብ)? በሴትአፕ (ዘግይቶ የሚነበብ)? ወይስ መስመሩን በራሱ ኮድ ይፈልጋል?
- ምን ምን አጻጻፍ ይቀበላል?
- ተጠቃሚው ምንም ካላለ ነባሩ ምንድነው?
- ያለ ዋጋ ቢጻፍ ምን ይሆናል?
- ሁለት ጊዜ ቢጻፍ የሚያሸንፈው የትኛው ነው?
- የማይታወቅ ዋጋ ሲመጣ ምን ይላል?

2.3 ኤክስ86 ላይ «ሲኤምዲላይን-ፋይንድ-ኦፕሽን» የሚለውንም ፈልጉ። ይህ ፈንክሽን የቡት መስመሩን በቀጥታ ይፈትሻል፤ በጋራው ፓርሰር በኩል አያልፍም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ጋራው ፓርሰር በስም ውስጥ ሰረዝንና የታች ሰረዝን አንድ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ይህኛው ግን ፊደል በፊደል ያወዳድራል። ወደ ጋራው ስታዘዋውሩት ድሮ የማይሠራ አጻጻፍ መሥራት ይጀምራል። ይህ ጉዳት የለውም። ብቻ ሰንጠረዡ ላይ ጻፉት።

ሰንጠረዡ ሲሞላ ሁለት አርክቴክቸር የተለያየ ነባር እንዳላቸው ልታገኙ ትችላላችሁ። አትደብቁት፤ «አንድ ብናደርገውስ?» ብላችሁም አትቸኩሉ። ለዚያ ደረጃ 4 ላይ መላ አለ።

ደረጃ 3፦ የሚነበብበትን ሰዓት ወስኑ

ከርነሉ ሲነሳ ስታርት-ከርነል የሚባለው ፈንክሽን ሴትአፕ-አርችን ይጠራል። አብዛኞቹ አርክቴክቸሮች እዚያ ውስጥ ፓርስ-ኧርሊ-ፓራምን ይጠራሉ። በኧርሊ-ፓራም የተመዘገቡት የሚነበቡት ያኔ ነው። የቀሩት ወደ ስታርት-ከርነል ከተመለሰ በኋላ ይነበባሉ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ አለ፦

ሀ. እጅግ ቀድሞ። ከፓርስ-ኧርሊ-ፓራም በፊት። አርም64 እና ሪስክ-ፋይቭ የከርነሉን አድራሻ በዘፈቀደ ከማስቀመጣቸው በፊት «ኖካስለር»ን የሚያዩት እዚህ ነው። ያኔ የጋራው ፓርሰር ገና ሥራ አልጀመረም።

ለ. ቀድሞ። በፓርስ-ኧርሊ-ፓራም ጊዜ።

ሐ. ዘግይቶ። ሴትአፕ-አርች አልቆ ወደ ስታርት-ከርነል ከተመለሰ በኋላ።

3.1 ኦፕሽኑ የሚያስቀምጠውን ቫሪያብል መጀመሪያ የሚያነበውን ኮድ ፈልጉ። በሦስቱም አርክቴክቸር።

3.2 ከሦስቱ ቀድሞ የሚያነበውን ያዙ። ጊዜውን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለቱ ሐ ላይ ቢሆኑና አንዱ ለ ላይ ቢሆን ሁሉም ለ ይሆናሉ።

3.3 አንዱ ሀ ላይ ከሆነ ቁሙ። ያንን አርክቴክቸር በዚህ መንገድ ማዘዋወር አይቻልም። የቀድሞውን አንባቢ ተዉለት፤ ሌሎቹን ብቻ አዋህዱ። ግማሽ ሥራ ቢመስልም የማይነሳ ማሽን ከመላክ ይሻላል።

«አርም64 ላይ ዝም አለ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኦፕሽኑ ተነቧል። የተነበበው ግን ጠያቂው ጠይቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ የጋራውን አንባቢ ጻፉ

4.1 ሦስት ሁኔታ ያለው ኢነም ሥሩ፦ ኦን፣ ኦፍ እና ኦቶ። ኦቶ ማለት «ተጠቃሚው ምንም አላለም» ማለት ነው። የነባሩ ልዩነት የሚፈታው በዚህ ነው። ጋራው ኮድ ኦቶ ብሎ ይመልሳል፤ አርክቴክቸሩ የራሱን ነባር ይወስዳል። በቡል ቫሪያብል ብትጀምሩ ይህ መላ ይጠፋባችኋል።

4.2 የኧርሊ-ፓራም ፈንክሽናችሁ የመጀመሪያ መስመር የነል ፍተሻ ይሁን። ተጠቃሚው «ጣና» ብቻ ብሎ ያለ እኩል ምልክት ቢጽፍ ወደ ፈንክሽኑ የሚመጣው ነል ነው። ባዶ ጽሑፍ አይደለም። ነሉን ለስትሪንግ ኮምፔር ከሰጣችሁት ከርነሉ ኮንሶል እንኳ ሳይከፈት ይሞታል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ምክንያቱን የሚነግራችሁ የለም።

4.3 ዋጋውን በሙሉ ቃል አወዳድሩ። ብዙ ሰው «ኬስትርቱቡል የሚባል ዝግጁ ፈንክሽን አለ፤ እሱን ልጥራ» ይላል። ጥሩ ፈንክሽን ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያየው። ተጠቃሚው «ጣና=ኖርማል» ብሎ ቢጽፍ በ«ኖ» መነሻ ፊደል ምክንያት «አጥፋ» ተብሎ ይተረጎማል። መከላከያን ለሚያጠፋ ኦፕሽን ይህ ቀልድ አይደለም። ኦን፣ ኦፍ፣ 1፣ 0። አበቃ።

4.4 የማይታወቅ ዋጋ ሲመጣ ሁኔታውን አትንኩ። የመጣውን ቃል በማስጠንቀቂያ መልእክት ላይ አሳዩት።

4.5 የሚመለሰው ቁጥር። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

- በኧርሊ-ፓራም 0 መመለስ ማለት «ተሳካ» ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከመለሳችሁ ከርነሉ «ማልፎርምድ ኧርሊ ኦፕሽን» ብሎ ያማርራል።
- በሴትአፕ 1 መመለስ ማለት «ይህ የእኔ ነው፤ ተቀብዬዋለሁ» ማለት ነው። 0 ከመለሳችሁ ከርነሉ ባለቤት እንደሌለው ቆጥሮ ለኢኒት (ከርነሉ ለሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮግራም) ያስተላልፈዋል።

አዎ፣ ተገላቢጦሽ ናቸው። አይመችም፤ ግን እንዲሁ ነው። ሴትአፕን ወደ ኧርሊ-ፓራም ስትቀይሩ ሪተርኑን መቀየር ከረሳችሁ ኦፕሽኑ ይሠራል፤ ቡት በተደረገ ቁጥር ግን የማስጠንቀቂያ መልእክት ይወጣል። ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን አይቶ «አልሠራም» ይላል።

4.6 ስሙን ስትመዘግቡ ለኧርሊ-ፓራም ያለ እኩል ምልክት ጻፉ። ለሴትአፕ ዋጋ የሚወስድ ከሆነ ከነእኩል ምልክቱ ጻፉ። ሴትአፕ የሚያወዳድረው የስሙን መጀመሪያ ብቻ ነው። «ጣና» ብላችሁ ያለ እኩል ምልክት ብትመዘግቡ «ጣናነሽ=1» የሚል ሌላ ኦፕሽን ሲመጣ የእናንተ ፈንክሽን ይጠራል። የሐይቁ ልጆች ይህን ምሳሌ አንዴ ሰምተው አይረሱትም፤ ጣናነሽ የምትባለውን ጀልባ የማያውቅ የለማ። ኧርሊ-ፓራም ይህ ችግር የለበትም፤ ስሙን በሙሉ ያወዳድራል።

4.7 ፈንክሽኑ ላይ «ኢኒት» ምልክት አድርጉ። ቫሪያብሉ ላይ ግን አስቡበት። ከቡት በኋላ የሚያነበው ኮድ ካለ «ኢኒትዳታ» አትበሉት፤ ያ ሚሞሪ ቡት ሲያልቅ ይለቀቃል። «አርኦ-አፍተር-ኢኒት» በሉት። ኮምፓይል ሲያልቅ «ሴክሽን ሚስማች» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ይህን አበላሽታችኋል። ማስጠንቀቂያ ነው ብላችሁ አትለፉት።

4.8 ፈንክሽኑ ውስጥ ሥራ አትሥሩ። ሚሞሪ አትጠይቁ፤ ኬማሎክ ገና የለም። ስታቲክ ኪ (ከርነሉ እየሠራ ኮዱን የሚቀይር ማብሪያ) አታብሩ፤ እሱን የሚያዘጋጀው ኮድ በሁሉም አርክቴክቸር ላይ ቀድሞ መጠራቱን ዋስትና የሚሰጣችሁ የለም። ቫሪያብሉን ሙሉና ውጡ። ስታቲክ ኪውን በኋላ በኢኒትኮል አብሩት።

4.9 ሄደር ፋይል ውስጥ «ጣና-ኢዝ-ኦፍ» የሚል መጠየቂያ አስቀምጡ። ኦፕሽኑን ለማይደግፍ አርክቴክቸር ሁልጊዜ «አይ» የሚል ባዶ ቅጂ ይኑረው። ኢፍዴፍ የሚኖረው እዚህ ሄደር ውስጥ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ አርክቴክቸሮቹን አንድ በአንድ አዘዋውሩ

5.1 ኬኮንፊግ ውስጥ «አርች-ሃዝ-ጣና» የሚል የተደበቀ ምርጫ ፍጠሩ። ጋራው ፋይል ኮምፓይል የሚደረገው ይህ ሲበራ ብቻ ነው። ምርጫውን እያንዳንዱ አርክቴክቸር በ«ሰሌክት» ያበራዋል።

ለምን? ኦፕሽኑ በማይሠራበት ማሽን ላይ ተጠቃሚው «ጣና=ኦፍ» ብሎ ቢጽፍ እንዲነገረው ነው። አንባቢ ከሌለ የቅርብ ጊዜ ከርነሎች «የማይታወቅ ኦፕሽን፤ ወደ ተጠቃሚ ክፍል ይተላለፋል» ብለው ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ላይ ይጽፋሉ። በሁሉም ላይ አንባቢ ካስቀመጣችሁ ግን ኦፕሽኑ ዝም ብሎ ይዋጣል።

5.2 ከአርም64 ጀምሩ። አጻጻፉ ለጋራው ቅርብ ስለሆነ ይቀላል። ሰሌክት ጨምሩ፤ የድሮውን አንባቢ አውጡ፤ ቫሪያብሉን ያነብ የነበረውን ኮድ መጠየቂያውን እንዲጠራ አድርጉ። ሦስቱም በአንድ ኮሚት ውስጥ።

የድሮውን አንባቢ ማውጣት ከረሳችሁስ? ኧርሊ-ፓራም ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ሁለቱም ይጠራሉ። ሴትአፕ ግን «የእኔ ነው» ያለው የመጀመሪያው ላይ ያቆማል፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው የሊንክ ቅደም ተከተል ነው። አንዱ አርክቴክቸር ላይ የእናንተ፣ ሌላው ላይ የድሮው ሊጠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ስህተት ፈልጎ ማግኘት ፀጉር ያስነጫል።

5.3 ቀጥሎ ሪስክ-ፋይቭ። የሱ «0» በጋራው ውስጥ ስላለ የሚጨመር የለም። አርም64ም አሁን «0» ይቀበላል ማለት ነው። ማስፋት ይቻላል፤ ማጥበብ ግን ክልክል ነው።

5.4 ኤክስ86 መጨረሻ። «ኖጣና»ን አታጥፉት። በሰዎች የግሩብ (ከርነሉን የሚያስነሳው ቡት ሎደር) ፋይል ውስጥ ተጽፎ ለዓመታት የቆየ ቃል ነው እንበል። ብታጠፉት ማሽኑ ይነሳል፤ መከላከያው ግን በርቶ ይነሳል፤ ባለቤቱም «ማሽኔ ለምን ቀዘቀዘ?» እያለ ይከርማል። በኤክስ86 ማህደር ውስጥ ትንሽ ኧርሊ-ፓራም ተዉለት። ሥራዋ የጋራውን ሁኔታ ወደ ኦፍ መቀየርና «ጣና=ኦፍ ተጠቀም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ሁለቱ አጻጻፎች በአንድ መስመር ቢመጡስ? ፓርሰሩ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የመጨረሻው ያሸንፋል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱም ኧርሊ-ፓራም ከሆኑ ነው። አንዱን ሴትአፕ ብታደርጉት በመስመሩ ላይ የትም ይሁን ሁልጊዜ እሱ ኋላ ይነበባል፤ ሁልጊዜም ያሸንፋል።

ደረጃ 6፦ ፈተና

ፋይል ሲስተም አያስፈልጋችሁም። ይህ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። የሚያስፈልገን የቡት መልእክት ብቻ ነው። ከርነሉ መጨረሻ ላይ ሩት ወይም ኢኒት አጣሁ ብሎ ፓኒክ ቢያደርግም ግድ የለም፤ የፈለግነው ከዚያ በፊት ታትሟል።

6.1 ኬሙን በ«ኖግራፊክ» እና በ«ኖ-ሪቡት» (ይህኛው በተራ ሰረዝ ነው) አስነሱ። ከርነሉን በ«ከርነል»፣ የቡት መስመሩን በ«አፔንድ» ስጡት። አርም64 እና ሪስክ-ፋይቭ ላይ ማሽኑን «ቨርት» በሉት፤ አርም64 ላይ የሲፒዩውን ዓይነትም ባለ 64 ቢት አድርጋችሁ ጥቀሱ።

6.2 የቡት መስመሩ ላይ ኮንሶሉን ጻፉ። ለኤክስ86 እና ለሪስክ-ፋይቭ «ቲቲዋይ-ኤስ-0» ነው። ለአርም64 «ቲቲዋይ-ኤኤምኤ-0» ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ሰረዝ የላቸውም፤ ገጥማችሁ ጻፏቸው። «ፓኒክ=-1» ጨምሩበት። ፓኒክ ሲያደርግ ወዲያው ሪቡት ይላል፤ ኖ-ሪቡት ደግሞ ኬሙን ይዘጋዋል። እንዲህ ከሆነ በስክሪፕት ሁሉንም በተከታታይ አስነስታችሁ ቡና መጠጣት ትችላላችሁ።

6.3 በእያንዳንዱ አርክቴክቸር እነዚህን መስመሮች ሞክሩ፦

- ምንም ሳይጻፍ
- ጣና=ኦፍ
- ጣና=0
- ጣና (ያለ ዋጋ)
- ጣና= (ከእኩል ምልክት በኋላ ባዶ)
- ጣና=ኖርማል
- ጣናነሽ=1
- ጣና=ኦፍ ጣና=ኦን
- ኖጣና ጣና=ኦን፣ ከዚያ ተገልብጦ (ኤክስ86 ላይ)
- ከሁለት ተከታታይ ሰረዝ (--) በኋላ ጣና=ኦፍ

የመጨረሻው መነበብ የለበትም። ከሁለቱ ሰረዞች በኋላ ያለው ሁሉ የኢኒት ነው።

6.4 ውጤቱን ከደረጃ 2 ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ከተለያየ ወይ ኮዱን አስተካክሉ ወይ ለምን እንደተለያየ ኮሚት መልእክቱ ላይ ጻፉ።

6.5 ኮንፊግ ውስጥ የተጋገረ የቡት መስመርም ሞክሩ። ኤክስ86 የተጋገረውን ያስቀድምና የቡት ሎደሩን ከኋላው ይቀጥላል፤ ስለዚህ የቡት ሎደሩ ያሸንፋል። አርም64 ግን የተጋገረውን የሚጠቀመው ቡት ሎደሩ ምንም ካልላከ ወይም በግድ ካዘዛችሁት ነው። ሪስክ-ፋይቭ ሦስት ምርጫ አለው፦ መጠባበቂያ፣ ማስቀጠያ እና ግዴታ። ይህ የእናንተ ኮድ ጥፋት አይደለም። ግን ሳታውቁት ብትፈትኑ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላችኋል።

ሲበላሽ

ምንም ነገር አይታይም። መጀመሪያ የኮንሶሉን ስም እዩ። ከዚያ «ኧርሊኮን» ጨምሩ፤ አርም64 ቨርት ላይ ያለ ምንም ዋጋ ይበቃል። ኤክስ86 ላይ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ መጻፍ አለባችሁ። አሁንም ጨለማ ከሆነ 4.2ን ተመልሳችሁ አንብቡ።

ኬሙ አልዘጋ አለ። ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ፤ ልቀቁ፤ ከዚያ ኤክስ።

ኦፕሽኑ መስመሩ ላይ የለም። ዲሜሴጅ ላይ «ከርነል ኮማንድ ላይን» የሚለውን አንብቡ። መጨረሻው ከተቆረጠ መስመሩ ረዝሟል። ኤክስ86 እና አርም64 2048 ፊደል ይይዛሉ፤ ባለ 32 ቢቱ አርም 1024፤ የራሱን ያልወሰነ አርክቴክቸር 512 ብቻ። ለፈተና የጨመራችሁትን ዝባዝንኬ ቀንሱ።

መስመሩ ላይ አለ፤ አይሠራም። አንባቢው ውስጥ አንድ መልእክት አስገቡ። መልእክቱ ከታተመ ችግሩ ደረጃ 3 ነው፤ ዘግይታችኋል። ካልታተመ ፋይሉ ኮምፓይል አልተደረገም፤ ሰሌክቱን እዩ።

አንዱ አርክቴክቸር ኮምፓይል አይደረግም። ብዙ ጊዜ ሄደር ነው። ኤክስ86 ላይ በሌላ ሄደር በኩል ተንጠላጥሎ የመጣላችሁ ነገር አርም64 ላይ አይመጣም። የምትጠቀሙበትን ሄደር ራሳችሁ ጥሩት።

ደረጃ 7፦ ፓቹን ቆራርጡ

7.1 ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የጋራው አንባቢ፣ አርም64፣ ሪስክ-ፋይቭ፣ ኤክስ86፣ ሰነድ። አምስት ፓች። እያንዳንዱ ላይ ቆማችሁ ሦስቱንም ኮምፓይል አድርጉ። መሀል ላይ የሚሰበር ፓች ካለ በኋላ ስህተት የገባበትን ፓች በቢሴክት የሚፈልግ ሰው ይረግማችኋል።

7.2 ሰነዱ የከርነል ኦፕሽኖች የተዘረዘሩበት የአድሚን መመሪያ ፋይል ውስጥ ነው። በፊደል ተራው አስገቡት፤ የትኞቹ አርክቴክቸሮች እንደሚቀበሉት ጻፉ። «ኖጣና» እንዳረጀም ጻፉ፤ መስመሩን ግን አትሰርዙት።

7.3 «ቼክፓች»ን አስኪዱ። የሚለውን ሁሉ መታዘዝ የለባችሁም፤ ኤረር ያለውን ግን አስተካክሉ። ከዚያ «ጌት-ሜንቴይነር» ስክሪፕቱን በየፓቹ ላይ አስኪዱና ለማን እንደሚላክ ይንገራችሁ። የአርም64ቱን ፓች ለኤክስ86 ሰዎች ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው።

7.4 በጊት ሴንድ-ኢሜይል (እዚህም ተራ ሰረዝ ነው) ላኩ። በመጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩና ከደረሳችሁ ኢሜይል ላይ ፓቹን መልሳችሁ አስገቡት። ካልገባ የኢሜይል ፕሮግራሙ ታቦቹን ወደ ባዶ ቦታ ቀይሯቸዋል። በመላክ መሀል ኔትወርክ ቢጠፋ ሁሉንም እንደገና አትላኩ። የትኛው ቁጥር ላይ እንደቆመ እዩና የቀሩትን ብቻ፣ ለመጀመሪያው ኢሜይል መልስ አድርጋችሁ ላኩ።